ብዙዎች ሲፈርሙ ያልፈረመው አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሰው ያለ ሰው አይኖርም። ስናዝን ድንኳን የሚተክልልን ዕድሩ ነው፤ በጻድቃን ስም የሚያሰባስበን የጽዋ ማኅበሩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ድሩ አብሮ ያሰረው አንበሳውን ሳይሆን ንጹሑን ሰው ቢሆንስ? ወገኖቻችሁ ሁሉ ለፈረሙበት ነገር፣ ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ፣ አብራችሁ ትፈርማላችሁ? ይህ ጥያቄ ከ1600 ዓመታት በፊት በቅዱስ አትናቴዎስ ፊት ቀርቦ ነበር።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ325 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊቃውንት በኒቅያ ሲሰበሰቡ ገና ዲያቆን ነበር። ሊቀ ጳጳሱን እለ እስክንድሮስን ተከትሎ ከእስክንድርያ ሄደ። ጉባኤው ወልድን ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን አውግዞ፣ ወልድ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን መሰከረ። በ328 ዓ.ም. አትናቴዎስ በመንበረ ማርቆስ ተቀመጠ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። አላለቀም።

በ335 ዓ.ም. በጢሮስ በእርሱ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ክሱ ምን ነበር መሰላችሁ? አርሳንዮስ የሚባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለጥንቆላ ቆርጧል ተባለ። አርሳንዮስ ግን ተደብቆ እንጂ አልሞተም ነበር። ተገኝቶ ከሁለት እጆቹ ጋር በጉባኤው ፊት እንደቆመ የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ታዲያ ከሳሾቹ አፈሩ? የለም! ሌላ ክስ ይዘው ፈረዱበት። ወገን ለይቶ የመጣ ሰው ዓይኑ ያየውን ትቶ ወገኑ የሚለውን ይናገራል። በመጨረሻም ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል አስቀራለሁ ብሏል ብለው ከንጉሡ ጋር አጣሉት። ቆስጠንጢኖስም ዛሬ በጀርመን ወዳለችው ወደ ትሪየር ሰደደው።

ይህ የመጀመሪያው ስደት ነበር። በጠቅላላው 5 ጊዜ ተሰደደ፤ በሊቀ ጳጳስነት ከኖረባቸው 45 ዓመታት 17ቱን ያህል ከመንበሩ ርቆ አሳለፈ። በ356 ዓ.ም. ሕዝቡ በሌሊት ለጸሎት ቆሞ ሳለ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት። አትናቴዎስ ከመንበሩ ሳይነሣ ዲያቆኑ መዝሙረ ዳዊት 135ን እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እየተቀበለ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ፤ በግርግሩ መካከል መነኮሳቱ ይዘውት ወጡ። ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ መነኮሳት ሸሸጉት።

እርሱ በበረሃ ሳለ ሌሎቹስ? በ359 ዓ.ም. በኢጣልያ በአሪሚኑም ከ400 የሚበልጡ ጳጳሳት ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ መጀመሪያ ላይ የኒቅያን እምነት አጸኑ። ነገር ግን የንጉሡ የቆስጠንጢዮስ ሹም ካልፈረማችሁ ወደ ሀገራችሁ አትመለሱም ብሎ ያዛቸው። ወራት አለፉ፣ ክረምት መጣ፣ ናፍቆቱ በረታ። አንዱ ሲፈርም ሌላው ፈረመ፤ የፈረመው ሲበዛ ያልፈረመው ጥፋተኛ መሰለ። አያችሁ? እምነታቸውን በክርክር ተረትተው አልለወጡም። ሁሉም ከፈረመ እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ በምትል አንዲት ሐሳብ ተሸነፉ። የብዙ ሰው ስብስብ ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ኃላፊነቱን ለሌላው ሲያሻግር መጨረሻ ላይ ተጠያቂ ይጠፋል። በእግዚአብሔር ፊት ግን የምንጠየቀው በማኅበር አይደለም፣ በየስማችን ነው። ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን እንዳንከተል በዘጸአት 23፥2 የታዘዝነውም ለዚሁ ነው።

ነገሩ እኛም ደጅ ደርሶ ነበር። ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ምትክ በተሾመው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በመጽሐፉ አቆይቶልናል። ብዙኃኑን ተከተሉ የሚለው ግፊት እስከ አክሱም ደረሰ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እስከ ዛሬ የምትጸልየው የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። አትናቴዎስ እኔ ማንንም አልፈልግም ያለ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ስደቱ ሮም ሳለ ለወዳጁ ለሰራፕዮን ጽፎ፣ ዓለም ሁሉ ሲጾም የግብፅ ሰዎች ብቻ ሳይጾሙ መሳቂያ እንዳይሆኑ የ40ውን ቀን ጾም እንዲያውጅላቸው አሳሰበው። ተመልከቱ! ለሐሰት ከብዙዎች የተለየው አባት፣ በጾም ከብዙዎች እንዳንለይ የሚጨነቅ ነበር። አልፈርምም ያለው ከሰው ለመለየት ፈልጎ አይደለም።

ደግሞ የራሱን ቡድን አላቋቋመም። በ362 ዓ.ም. ሲመለስ በእስክንድርያ ጉባኤ ጠራ። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን ተገደው የፈረሙት የኒቅያን እምነት መስክረው እንዲመለሱ በሩን ከፈተ። በአንድ የግሪክ ቃል የተጣሉ ሁለት ወገኖችም ነበሩ፤ አንዱ ቃሉን ለአካል፣ ሌላው ለባሕርይ ይጠቀምበት ነበር። አትናቴዎስ እያንዳንዱን ምን ማለትህ ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሆኖ ተገኘ! በእርጅናው ተገዶ የፈረመውን የኮርዶባውን ሆስዮስን እንኳ በጽሑፉ በርኅራኄ እንጂ በንቀት አላነሣውም።

ውድ ምእመናን፣ በዚህ ጾም ከሥጋና ከወተት ስንከለከል ከአንድ ነገር ጨምረን እንጾም፤ ሳናጣራ ከመፈረም። በሰበካውም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በማኅበሩም አንድ ሰው ሲወገዝ፣ ሁሉም አለ ብላችሁ አትጨምሩበት። ሄዳችሁ ከራሱ አፍ ስሙ። እውነት ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ውሸት ከሆነ ብቻችሁን ብትቀሩም አይሆንም በሉ። አይሆንም ብላችሁ ስታበቁ ግን ሌላ ቡድን አታደራጁ። ቅዳሜ የተከራከራችሁትን ሰው እሑድ በቅዳሴ አጠገቡ ቁሙ፤ ሲታመም ጠይቁት፤ የተሳሳተው ሲመለስ ቦታ ልቀቁለት። አትናቴዎስ ሁለቱንም አድርጓል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. በመንበሩ ሳለ ዐረፈ። ዕረፍቱን ግንቦት 7 ቀን እናከብራለን።

ጸሎቱና በረከቱ አይለየን፤ በእውነት ጸንተን፣ ከወንድሞቻችን ሳንለይ ጾሙን ያስፈጽመን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።