ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ያስተማሩትን የኖሩ መምህር



በአምበርና በአካባቢዋ የምንኖር ሁላችን፣ ያስተማረውን በሕይወቱ የፈጸመ ሰው ብንፈልግ ዓይናችንን ወደ ሩቅ አገር ማንሣት አያስፈልገንም። ከእኛ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በምትገኘው በዲቦ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ተወለዱ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ገና በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር አልቀነሰም። በመርጡለ ማርያም ተምረው መነኮሱ። ነገር ግን በመጻሕፍት የተጻፈውና በኑሮ የሚታየው የምንኵስና ሥርዓት እጅግ ተራርቆ ስላገኙት ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ። በዚያ ዘመን የአገራችንን ሊቃውንት ይከፋፍል የነበረው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ክርክርም ዕረፍት ነሣቸው። በጎንደር ደቀ መዛሙርትን እያስተማሩ እንኳ እርሳቸው ራሳቸው ከመጠየቅ አላረፉም።

በ1841 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች በላኩ ጊዜ አባ ገብረ ሚካኤል ከእነርሱ ጋር ሄዱ። በዚህ ጉዞ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራቸውን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን በቅርብ አወቁ። ከግብፅም ወደ ሮም አልፈው በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ከተመለሱ በኋላ ብዙ አሰላስለው በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ስመ ጥር መምህር ሆነው ሳሉ እንደገና ተማሪ ለመሆን አላፈሩም። በጓላ ለክህነት የሚዘጋጁትን ወጣቶች አስተማሩ፤ ለትምህርት የሚያገለግሉ መጻሕፍትንም አዘጋጁ። በ1851 ዓ.ም. በቅዱስ ዩስጢኖስ እጅ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈተናው ደረሰ። በ1854 ዓ.ም. በጎንደር ታሰሩ። ቅዱስ ዩስጢኖስ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ እርሳቸው በእስራት ቀሩ። እምነታቸውን እንዲተዉ ተለመኑ፤ ተገረፉም። በየካቲት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ሞት ተፈረደባቸው፤ በአማላጆች ልመና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያም በሰንሰለት ታስረው ከዘመቻው ጦር ጋር ተጓዙ። ሰውነታቸው ደክሞ በነሐሴ 28 ቀን 1855 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ1926 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

ይህን የምናስታውሰው ያለፈውን ዘመን ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ዛሬ በፍቅር እንኖራለን። የምናስታውሰው ራሳችንን ለመመርመር ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ሳሉ መጽሐፍም ወንበርም ደቀ መዝሙርም አልነበራቸውም። በእጃቸው የቀረው ራሳቸው ያስተማሩት እምነት ብቻ ነበር፤ እርሱንም ኖሩት።

ከእኛ የሚፈለገው ሰንሰለት ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ ይቅርታ አስተምረን ስንወጣ በእርሻ ወሰን ከተጣላነው ጎረቤታችን ጋር ሰላምታ ካልተለዋወጥን፣ ስለ ምጽዋት ሰብከን ለድኻው በአራጣ ካበደርን፣ ልጆቹ የሚማሩት ከቃላችን ሳይሆን ከሥራችን ነው። ይህ ተግሣጽ በመጀመሪያ ለእኛ ለካህናት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሰበክነው ከኖርነው ይበልጣልና። እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ለሌሎች ካስተማርነው አንዱን መርጠን በቤታችን እንፈጽመው። ወደ ተጣላነውም ሰው በር ቀድመን እንሂድ።

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።