የሕፃናትን ልቅሶ ያደመጠች ሴት

ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ከታቀፈ ይሞላቀቃል የሚለውን ምክር ያልሰማ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ምክሩ አንድ ነው። ይህን ምክር በትዕግሥት ፈትሻ የተለየ መልስ ያገኘች ሴት ግን ነበረች። ስሟ ሜሪ አይንስዎርዝ ይባላል፤ ዋናውን ነገር የተማረችውም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በኡጋንዳ መንደሮች ነው።

ሜሪ በ1913 በአሜሪካ ኦሃዮ ተወልዳ በካናዳ ቶሮንቶ አደገች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጥንታ በ1939 ዶክትሬቷን ተቀበለች። መምህሯ ዊልያም ብላትዝ ልጅ ዓለምን የሚመረምረው ወላጁን ተማምኖ ነው የሚል አሳብ ነበረው፤ ይህም አሳብ ዕድሜዋን ሙሉ አልተለያትም። በጦርነቱ ጊዜ በካናዳ ጦር አገልግላ እስከ ሻለቃነት ደረሰች። በ1950 ከባለቤቷ ጋር ወደ ለንደን ሄዳ፥ ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆችን ከሚያጠናው ሐኪም ከጆን ቦልቢ ጋር ሠራች።

በ1954 ባለቤቷ ካምፓላ ሥራ ሲያገኝ አብራው ወደ ኡጋንዳ መጣች። ከሥራዋ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው። በ26 ቤተ ሰቦች ያሉ 28 ሕፃናትን በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች፥ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ፥ በአስተርጓሚ ከእናቶቹ ጋር እየተጫወተች ተመለከተች። መዳህ የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ጥቂት ይርቃል፥ ዞር ብሎ ያያታል፥ ደግሞ ይርቃል። እንግዳ ሲገባ ፈጥኖ ይመለሳል። እናንተም በቤታችሁ ይህን አይታችሁ ይሆናል። ከ28ቱ 16ቱ እንዲህ በእናታቸው የሚተማመኑ፥ ብዙም የማያለቅሱ ነበሩ። የእነዚህ እናቶች ስለ ልጃቸው ጠባይ ሲጠየቁ በዝርዝርና በደስታ ይናገሩ ነበር።

በኋላም በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሌሎች 26 ቤተ ሰቦችን ተከታተለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቅሷቸው ፈጥኖ መልስ ያገኘ ሕፃናት፥ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ጥቂት የሚያለቅሱ ሆነው ተገኙ። በ1972 ይህን ከባልደረባዋ ጋር ስታሳትም ተቃውሞ ገጠማት፤ ሕፃንን ሲያለቅስ ማንሣት ልቅሶን ማስለመድ ነው የሚሉ ምሁራን ነበሩና። ውጤቱን ስመለከት የአንቀልባ ልጆች የሆንን እኛ ብዙ ልንደነቅ አይገባንም ነበር። ነገር ግን ያው አንቀልባ ያለው ቤት ልጁን ዝም ለማሰኘት ጅብ ይጠራል፤ እናትም ገበያ ስትሄድ ልጁ እንዳያያት በጓሮ ትወጣለች። ተሰናብቶ መሄድ ለጊዜው ያስለቅሳል፤ ተደብቆ መጥፋት ግን ልጁን ቀኑን ሙሉ በር በር እንዲያይ ያደርገዋል።

ሜሪ በባልቲሞር እናት ከክፍል ወጥታ የምትመለስበት አንድ ፈተናም አዘጋጅታ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ብዙ የሚናገረው ልጁ እናቱ ስትወጣ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ አቀባበሉ ሆነ፤ ሄዶ ታቅፎ የሚረጋጋ አለ፥ ፊቱን የሚያዞርም አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ አገር ቤት የምትገቡ አባቶች ይህን አስቡ። ወራት የተለያችሁት ሕፃን ወደ አያቱ ቀሚስ ቢሸሽ አትቆጡት፥ በግድም አትሳሙት፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።

የኡጋንዳው ሥራዋ በ1967 በመጽሐፍ ታተመ። ሜሪ የራሷ ልጅ አልነበራትም። በ1999 በ85 ዓመቷ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዐረፈች።