ኩኒዮ ማየካዋና የሂሮሳኪ ከተማ ሕንፃዎች

የአርማታ ሕንፃ የሚፈተነው በምርቃቱ ዕለት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ጠቁሮ፣ የጥገናው ወጪ ከብዶ፣ የከተማው ሕዝብ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ብሎ በሚመክርበት ጊዜ ነው። በሰሜን ጃፓን በምትገኘው በሂሮሳኪ ይህን ፈተና ያለፉት አርክቴክት ኩኒዮ ማየካዋ ናቸው።

ማየካዋ በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒኢጋታ ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የዘር ሐረጋቸው ከሂሮሳኪ ይመዘዛል። በ1928 በቶኪዮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ በሳይቤሪያ በኩል በምድር ባቡር ተጉዘው ፓሪስ ገቡ፤ በሌ ኮርቡዚዬ ቢሮም እስከ 1930 ሠሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1932 የኪሙራ የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋምን ሕንፃ በሂሮሳኪ አቆሙ። በ1935 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ።

የኪሙራው ሕንፃ ነጭ ግድግዳና ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው፣ በጊዜው ለአካባቢው ፍጹም እንግዳ የሆነ ሥራ ነበር። ነገር ግን ከፓሪስ የመጣው ንድፍ የሂሮሳኪን ክረምት አላሰበም። በረዶው ሕንፃውን ጎዳው፤ የፊት በረንዳውም ከጊዜ በኋላ ፈርሶ ተነሣ። ማየካዋ ከዚህ ጉዳት ተማሩ። በ1958 የሠሩት የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ከግድግዳው ርቆ የሚወጣ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ አለው። ኋላም እርቃኑን የቆመ አርማታ በዝናብና በብርድ እንደሚጎዳ ስለ ተረዱ፣ የሸክላ ንጣፍ አርማታው በሚሞላበት ጊዜ አብሮ እንዲያያዝ የሚያደርግ አሠራር አዳበሩ። በሂሮሳኪ የሕዝብ አዳራሽ፣ ሆስፒታልና ሙዚየም ሠርተው፣ በ1983 በአስከሬን ማቃጠያው ሕንፃ ፈጸሙ። ማየካዋ ያረፉት በ1986 ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የሥራዎቻቸው ዕድል አንድ ዓይነት አልሆነም። በ1958 በቶኪዮ ያሠሩት የሐሩሚ የመኖሪያ ሕንፃ በ1997 ፈረሰ። በ1981 የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ ስለ ጠበቀ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ማጠናከር ለብዙ የክፍለ አገር ከተሞች ከባድ ወጪ ሆነ፤ ግራጫውን አርማታ ውበት የሌለው አሮጌ ነገር አድርጎ የሚቆጥረውም ሰው ጥቂት አልነበረም። በሰንዳይ ግን በ1981 የሠሩትን የሚያጊ ሙዚየም ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር አስተዳደሩ ያቀረበው ሐሳብ ነዋሪዎች ስለ ተቃወሙት በ2020 ተተወ። በሂሮሳኪም ነዋሪዎቹ ሕንፃዎቹን የከተማቸው ቅርስ አድርገው ያዟቸው፤ አዳራሹ ታድሶ አገልግሎቱን ቀጠለ፤ በረዶ የጎዳው የኪሙራ ሕንፃ ደግሞ በ2021 በመንግሥት የከበረ የባህል ቅርስ ተባለ።

ማየካዋ ወደ ሂሮሳኪ ከ50 ዓመት በላይ ተመላልሰዋል፤ በየጊዜውም የፊተኛውን ሥራቸውን ጉድለት በኋለኛው አርመዋል። ሕዝቡ በእርጅናቸው ዘመን ሕንፃዎቹን አለመተዉ፣ ባለሙያው ከተማይቱን ላለመተዋቸው የተከፈለ ብድር ይመስላል።