በርኒስ ኤዲ

በርኒስ ኤዲ (እ.ኤ.አ. 1903 – 1989) አሜሪካዊት የባክቴሪያና የቫይረስ ተመራማሪ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በፖሊዮ ክትባት ውስጥ የቀሩ አደገኛ ቫይረሶችን በምርመራ በማግኘታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

ኤዲ የሐኪም ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በዌስት ቨርጂኒያ ነው። በ1927 ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በባክቴሪያ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ክትባቶችን ይፈትሹ ነበር።

የ1955 አደጋ

የጆናስ ሶልክ የፖሊዮ ክትባት የሚሠራው ቫይረሱን በጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ በማሳደግና በፎርማሊን በመግደል ነበር። ቫይረሱ በሙሉ ካልሞተ ግን ክትባቱ ራሱ በሽታውን ያመጣል። ኤዲ ከተር ላቦራቶሪስ ከተባለ አምራች የመጣ ናሙና ሲፈትሹ የተወጉት ጦጣዎች ሽባ ሆኑ። ለአለቆቻቸው ቢያሳውቁም ሰሚ አላገኙም። በኤፕሪል 1955 ክትባቱ ተፈቀደ። ሕያው ቫይረስ ባለበት ምርት ምክንያት ብዙ ሺህ ሕፃናት ታመሙ፤ ከ150 በላይ ሰዎች ለዘለቄታው ሽባ ሲሆኑ 10 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአመራረትና የፍተሻ ሕጉ ጠበቀ።

ኤስ ቪ 40

ኤዲ ከሳራ ስቱዋርት ጋር ዕጢ በሚያመጣ የአይጥ ቫይረስ ላይ ሠርተዋል። በ1959 ክትባት የሚመረትበትን የጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ጭማቂ ሃምስተር በተባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ሲወጉ ዕጢ አበቀሉ። በ1960 ይህን በኒው ዮርክ ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች በመግለጻቸው አለቃቸው ተቆጡ፤ የክትባት ፍተሻ ሥራቸውም ተወሰደባቸው። በዚያው ዓመት ሞሪስ ሂልማንና ቤን ስዊት ከጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ያገኙትን አዲስ ቫይረስ ይፋ አደረጉ፤ እሱም ኤስ ቪ 40 ተባለ። ፎርማሊን ሁሉንም አይገድለውም ነበር። በ1961 የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የሚመረት ክትባት ከዚህ ቫይረስ ነጻ እንዲሆን አዘዘ። ክትባቱን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወስደው ነበር፤ ቫይረሱ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም።

ውርስ

ኤዲ በ1973 ጡረታ ወጡ። ዛሬ ከሕያው ሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶችና መድኃኒቶች በሦስት መንገድ ይጠበቃሉ፦ መነሻው ሕዋስ ይመረመራል፤ በምርት ሂደት ቫይረስ ይገደላል ወይም ይጣራል፤ ምርቱም ከመሠራጨቱ በፊት ይፈተሻል። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀምሯል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ለምሳሌ በዘመሮ፣ ልጇን የምታስከትብ እናት ብልቃጡን አይታ ውስጡን ማወቅ አትችልም። የምትተማመነው አስቀድሞ በተደረገው ፍተሻ ነው።