የአስተማሪዎች ረዳት ሆራስ ማን
ሆራስ ማን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1796 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት ከድኻ ገበሬ ተወለደ። በ1837 ጥብቅናውን ትቶ የግዛቱ የትምህርት ጉባኤ ጸሐፊ ሆነ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የማስተማርን ጥበብ ሳይማሩ ያስተምሩ ነበርና ልጆችን ጸጥ የሚያሰኙት በበትር ነበር። እርሱ ግን አስተማሪዎቹን ነቅፎ ብቻ አልተዋቸውም፤ በ1839 በሌክሲንግተን ከተማ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አስከፈተ። በ1843 ፕሩሲያን ጎብኝቶ፥ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አስተማሪዎች ያለ ዱላ ሲያስተምሩ ስላየ ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። ስለዚህም 31 የቦስተን አስተማሪዎች ተቆጥተው ተቃወሙት። እርሱም ዱላ ምክር ሁሉ ካልረዳ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ቅጣት ይሁን ብሎ በሐሳቡ ጸና። በ1859 ሞተ። ለአስተማሪ ዕውቀት የሚሰጥ ሰው የተማሪን ጀርባ ከበትር ያድናል።