የልክ ዳኛ፦ ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን (1864–1943)

በኮላ ድባ ገበያ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገበያ ሁሉ፣ አቡጀዲ በክንድ ይለካ በነበረበት ዘመን ገዢው በረጅም ሰው ክንድ ማስለካትን ይመርጥ፣ ነጋዴው ግን የራሱን ክንድ ይዘረጋ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ፋብሪካዎችም ይኸው ክርክር በሚሊሜትር ክፍልፋይ ደረጃ ነበረ፤ በአንዱ ፋብሪካ የተሠራው ዕቃ ከሌላው ጋር አልገጥም እያለ ያስቸግር ነበር። ይህን ክርክር ለመዳኘት ዕድሜውን የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንሶን በ1864 በስዊድን ገጠር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሠርቶና ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1888 በኤስኪልስቱና ከተማ በነበረው የመንግሥት ጠብመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረ። በ1896 የማውዘርን አሠራር እንዲያጠና ወደ ጀርመን ሲላክ፣ ለእያንዳንዱ ልክ አንድ አንድ መለኪያ እየተሠራ እጅግ ብዙ መለኪያ ተከማችቶ አየ። በባቡር ወደ አገሩ ሲመለስም ጥቂት ብረቶችን እያጣመሩ ብዙ ልክ ማውጣት እንደሚቻል አሰላ። ስሌቱ 102 ብረቶችን ሰጠው፤ በእነዚህም ከ1 እስከ 201 ሚሊሜትር፣ በ0.01 ሚሊሜትር ልዩነት፣ 20,000 ያህል ልኮች ይገኛሉ።

ሐሳቡን በብረት መግለጽ ከስሌቱ ይልቅ ከባድ ነበር። የብረቶቹን ፊት የመጨረሻ ልስላሴ የሰጠው በቤቱ ውስጥ፣ የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ወደ መሞረጃ ለውጦ ነው። ፊታቸው ፍጹም ልሙጥ ከመሆኑ የተነሣ ሁለቱን አንሸራትተው ሲያጋጥሟቸው ተጣብቀው እንደ አንድ ይሆናሉ። ዛሬ ጌጅ ብሎክ የምንለው ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኢንች በጥቂቱ ይለያዩ ነበር። ዮሐንሶን የኢንች ብሎኮቹን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 25.4 ሚሊሜትር አድርጎ ሠራቸው። ብሎኮቹ በየፋብሪካው ስለ ተሠራጩ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ በ1930፣ የአሜሪካው በ1933 ይህንኑ ቁጥር ተቀበለ፤ በ1959ም መንግሥታት በስምምነት አጸደቁት። እርሱ ግን ይህን የመጨረሻውን አላየም። ከ1923 እስከ 1936 በፎርድ ኩባንያ ከሠራ በኋላ ወደ ስዊድን ተመልሶ በ1943 ዐረፈ።

በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን ሚሊንግ ማሽን ለሚያሠራ ባለሙያ የዮሐንሶን ሥራ የዕለት ተግባር ነው። ማሽኑ በራሱ ላይ የታሰረውን ቆራጭ በዓይኑ አያይም፤ የሚያውቀው ርዝመቱንና ዲያሜትሩን በሚያመለክተው ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ የረዘመ ቆራጭ ከታዘዘው በላይ ጠልቆ ይቆርጣል። 20 ሚሊሜትር የነበረው ቆራጭ ተስሎ 19.80 ሲሆን አሮጌው ቁጥር ካልታረመ፣ በሚቆርጠው ግድግዳ ላይ 0.10 ሚሊሜትር ትርፍ ብረት ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው በቆራጩ ጫፍና በጠረጴዛው መካከል ብሎክ አስገብቶ ርዝመቱን ያረጋግጣል፤ ዲያሜትሩንም በማይክሮሜትር ለክቶ ይመዘግባል። የማይክሮሜትሩም ትክክለኛነት በብሎክ ይፈተናል። ይህን ጥቂት ደቂቃ የሚቆጥብ ሰው ሙሉ ቀን የደከመበትን ዕቃ ሊጥል ይችላል። ባለሙያው ለክቶ ቁጥሩን ካረመ ግን በጎንደር የተሠራው ዕቃ ኤስኪልስቱና ከተሠራው ጋር ያለ ክርክር ይገጥማል።