ሳሙኤል አዳምስ

ሳሙኤል አዳምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1722 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ተወለደ። ቦስተን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ከነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አንዷ የሆነችው የማሳቹሴትስ ዋና ከተማ ነበረች። አባቱ ለቢራ መጥመቂያ የሚሆን ብቅል እያዘጋጀ የሚሸጥና በከተማው ዘንድ የተከበረ ነጋዴ ነበር። ሳሙኤል ሃርቫርድ ኮሌጅ ገብቶ በ1740 ተመረቀ። በ1743 ሁለተኛ ዲግሪውን ሲቀበልም፣ አገርን በሌላ መንገድ ማዳን ካልተቻለ የበላይ ገዥን መቃወም ተገቢ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ተከራከረ።

ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በማሳቹሴትስ የብርና የወርቅ ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር፣ አባቱና ጓደኞቹ መሬትን መያዣ አድርጎ የወረቀት ገንዘብ የሚያበድር ባንክ አቋቁመው ነበር። ይሁን እንጂ በ1741 የእንግሊዝ ፓርላማ ባንኩን በሕግ አፈረሰው፤ ኀላፊዎቹም ዕዳውን ከግል ንብረታቸው እንዲከፍሉ ተደረገ። አባቱ በ1748 ከሞተ በኋላ እንኳ ባለሥልጣኖች የቤተሰቡን ንብረት በሐራጅ ለመሸጥ በተደጋጋሚ ሞክረዋል። ከባሕር ማዶ ያለና የእነርሱ ተወካይ ያልተቀመጠበት ሸንጎ ያወጣው ሕግ እስከ ቤቱ ጓዳ ድረስ ሊገባ እንደሚችል ወጣቱ አዳምስ የተማረው በዚህ ዓይነት ነበር።

አዳምስ ንግድ አልሆነለትም። አባቱ ለመነሻ ከሰጠው 1000 ፓውንድ ግማሹን ለአንድ ወዳጁ አበድሮ ሳይመለስለት ቀረ፤ የቀረውም ከሰረ። የብቅሉ ሥራም በእጁ ደከመ። በ1756 የከተማው ግብር ሰብሳቢ ሆኖ ቢመረጥ፣ ድሆችን አስጨንቆ ማስከፈል ስላልሆነለት ብዙ ሺህ ፓውንድ ሳይሰበስብ ቀረ። ስለዚህም ጠላቶቹ ክፉኛ ሲወቅሱት፣ ድሀው ሕዝብ ግን ወደደው።

እንግሊዝ እስከ 1763 ድረስ ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው ጦርነት ድል ብታደርግም ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባች። መንግሥቷም ከዕዳው ከፊሉን የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች እንዲሸከሙ ፈለገ። በመሆኑም በ1764 የስኳር ሕግ፣ በ1765 ደግሞ የቴምብር ሕግ ታወጀ። በቴምብር ሕጉ መሠረት ጋዜጣ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የመጫወቻ ካርታ እንኳ ሳይቀር ቀረጥ የተከፈለበት ቴምብር እንዲኖረው ታዘዘ። የቦስተን ነዋሪዎች ጉባዔ ለተወካዮቹ የሚሰጠውን መመሪያ በ1764 እንዲያረቅ የተመረጠው አዳምስ ነበር። እርሱም ዛሬ ንግዳችን ያለ ፈቃዳችን ከተቀረጠ ነገ መሬታችንና የመሬታችን ፍሬ የማይቀረጥበት ምክንያት የለም ሲል አስጠነቀቀ። ነጋዴዎች የእንግሊዝን ዕቃ ላለመግዛት ተስማሙ፤ ፓርላማውም በ1766 የቴምብሩን ሕግ ሻረ።

ነገር ግን በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ሌላ ቀረጥ ተጣለ። በዚህ ጊዜ አዳምስ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ጸሐፊ ነበር። ምክር ቤቱ በ1768 በመቃወሚያ ደብዳቤ ሌሎቹን ቅኝ ግዛቶች ለትብብር ጠራ። ከለንደን ደብዳቤው እንዲሻር ትእዛዝ ቢመጣም፣ አባላቱ በ92 ድምፅ ለ17 እምቢ አሉ። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ገቡ። መጋቢት 5 ቀን 1770 ወታደሮቹ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ገደሉ። በማግስቱ አዳምስ የሕዝቡ መልእክተኛ ሆኖ በገዥው ቦታ ወደሚሠራው ወደ ቶማስ ሃቺንሰን ቀረበ። ከሁለቱ ክፍለ ጦሮች አንዱ ብቻ ከከተማው ይውጣ ቢባል አልተቀበለም፤ ሁለቱም እንዲወጡ አጥብቆ ጠየቀ፤ ሁለቱም ወጡ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አዳምስ የተበታተነ ቁጣ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1772 በቦስተን የመልእክት ልውውጥ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ። ብዙም ሳይቆይ በርካታ ከተሞች የየራሳቸውን ኮሚቴ አቋቁመው ወሬና ሐሳብ ይለዋወጡ ጀመር።

የቀድሞዎቹ ቀረጦች በ1770 ሲነሡ በአንድ ፓውንድ ሻይ ላይ የሚከፈለው 3 ፔንስ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1773 ፓርላማው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ስለ ፈቀደለት፣ የሻይ ዋጋ እንዲያውም የሚረክስ ሆነ። ታዲያ ሕዝቡ ርካሽ ሻይ ለምን ጠላ? ጥያቄው የቀረጡ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን፣ ቀረጡን የመጣል ሥልጣን የማን ነው የሚል ስለ ነበር ነው። ታኅሣሥ 16 ቀን 1773 በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አዳምስ በተገኘበት ጉባዔ ተሰብስቦ፣ ሻይ የጫኑት መርከቦች ሳያራግፉ እንዲመለሱ ጠየቀ። ገዥው ሃቺንሰን ግን ቀረጥ ሳይከፈል አይሄዱም አለ። በዚያች ሌሊት መልካቸውን የለወጡ ሰዎች በሦስት መርከቦች ላይ ወጥተው 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ጣሉ። አዳምስም ድርጊቱ ትክክል መሆኑን በብዕሩ ተሟገተ።

እንግሊዝ በ1774 የቦስተንን ወደብ ዘጋች። ከተማዋን ለማንበርከክ የታሰበው ቅጣት ግን ቅኝ ግዛቶቹን አስተባበረ። አዳምስ በዚያው ዓመት በፊላዴልፊያ በተደረገው ጉባዔ ተወካይ ሆነ፤ ለራሱ ደንታ ስላልነበረው ለጉዞው የሚሆነውን ልብስ የገዙለት ወዳጆቹ ነበሩ። በሚያዝያ 1775 ጦርነቱ ተጀመረ። በሰኔ ወር የእንግሊዝ አዛዥ ምሕረት ሲያውጅ፣ አዳምስንና ጆን ሃንኮክን ከምሕረቱ ለይቶ አስቀራቸው። በ1776 ሁለቱም የነጻነቱን ሰነድ ፈረሙ።

ከነጻነት በኋላ አዳምስ ሌላ ፈተና ገጠመው። በ1786 በምዕራብ ማሳቹሴትስ የሚኖሩ ገበሬዎች ዕዳና ግብር ሲበዛባቸው መሣሪያ ይዘው ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። የትናንቱ ዐመፀኛ አዳምስ በእነርሱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጨከነ። በእርሱ አስተያየት፣ ያልወከለውን መንግሥት የሚቃወም ሰው ምክንያት አለው፤ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች የወጣውን ሕግ በጦር የሚያፈርስ ግን ምክንያት የለውም። ይህ በአንድ መርሕ መጽናት ነው ወይስ የድሀውን ጩኸት መርሳት? ነገሩ እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል።

አዳምስ ከ1793 እስከ 1797 የማሳቹሴትስ ገዥ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ጥቅምት 2 ቀን 1803 በ81 ዓመቱ አረፈ። በንግዱ ዓለም ያልቀናው ይህ ሰው፣ ግብር ከፋዩ በግብሩ አወሳሰን ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚለውን ሐሳብ የሕዝብ መታገያ በማድረጉ ስሙ በታሪክ ሲጠራ ይኖራል።